የመለስኩት ጉርሻ

ልጄ የብርጓል አራት ዓመት ሲሞላት የምትበላው ነገር አራት ብቻ ነበር፦ የቀዘቀዘ ቅቅል ድንች፣ ቅርፊቱ የተነሣለት ዳቦ፣ የገብስ ቆሎ፣ በቀይ ኩባያ የተቀዳ ወተት። ያው ወተት በሌላ ኩባያ ከቀረበላት አትነካውም። አታለቅስም፣ አትጮህም። ሁለት እጆቿን አጣምራ ብብቷ ሥር ትከትና ምግቡ እስኪነሣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ጎረቤቶቻችን በርዷት ነው ይሉ ነበር። የደብረ ማርቆስ ብርድ ለብዙ ነገር ሰበብ ይሆናል።

እንጀራ ደረቁን ጫፍ ጫፉን ትቀምሳለች። ወጥ ከነካው ግን ጣቷን ቀስራ ታሳየኛለች።

«አባዬ፣ ይኼ አልቅሷል።»

«አላለቀሰም፤ ሽሮ ነው የነካው።»

«አልቅሷል። እየው፣ ፊቱ ርሷል።»

ስሜ ጸጋው ነው፤ በማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነኝ። ባለቤቴ ሥራነሽ ጉንደ ወይን ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ምድቧ እዚያ የሆነው ልጃችን የዓመት ከሁለት ወር ሳለች ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች፤ ካልሆነ ወር ያልፋል። ማታ ማታ ግን ስልክ አታቋርጥም።

«ምን በላች?»

«ድንች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ድንች።»

ትስቅና ሳቋን በመሃል ትተወዋለች። «የኔ ጥፋት ነው» ትላለች። «እንደዚያ በድንገት ጡት ባላስጥላት ኖሮ ምግብ አትፈራም ነበር።»

«ምን ታደርጊ፣ ሥራ ነው» እላታለሁ። ይህን ስላት ደግ ባል እመስል ነበር።

መዋዕለ ሕፃናት በገባች በሦስተኛው ሳምንት፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ መምህርቷ ሙሉብርሃን ከበሩ ላይ አስቆመችኝ። ወጣት ናት፤ ስትናገር የሰውን ዓይን አትለቅም። የልጄ ምሳ ዕቃ በየቀኑ እንደሞላ እንደሚመለስ፣ አንዳንዴም ልጅቷ ለጓደኞቿ እንደምታድለው ነገረችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «በግድ አብልተዋት ያውቃሉ?»

«አይ» አልኩ።

«ተግታም አታውቅም? እጅ ተይዞ፣ አፍንጫ ተይዞ?»

«አታውቅም።»

ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ፤ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ሦስተኛ ብትጠይቀኝ ምን እንደምል አላውቅም። አልጠየቀችኝም።

እውነቱ ይህ ነው። ሥራነሽ ወደ ጉንደ ወይን በሄደች በሦስተኛው ቀን ልጅቷ አፏን ዘጋች። ለመንኳት፣ ዘፈንኩላት፣ ማንኪያውን ወፍ ነው እያልኩ አበረርኩላት። እምቢ አለች። እናቴ ወይዘሮ ፋንታነሽ ሲነገራት ይጁቤ አጠገብ ካለው መንደራችን በማግስቱ ደረሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ አጥሚት ጣደች።

«ልጅ ተለምኖ አይበላም» አለችኝ። «ተግቶ ነው የሚያድግ። አንተንስ እንዲሁ አይደለም ያሳደግሁህ? ምን ጎደለህ?»

እግሯን ዘርግታ ልጅቷን በጀርባዋ አጋደመቻት። የግራ መዳፏን እንደ ዋንጫ አጎድጉዳ ከታችኛው ከንፈር ሥር አደረገች፤ አጥሚቱን በመዳፏ ላይ አፈሰሰች፤ በቀኟ አፍንጫዋን ያዝ ለቀቅ ታደርጋለች። ልጅ መተንፈስ ሲፈልግ አፉን ይከፍታል፤ ሲከፍት ይውጣል።

«እጇን ያዝልኝ» አለች።

ያዝኩላት። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለዘጠኝ ቀን ያዝኩላት። የልጄ የእጅ አንጓ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ገብቶ ቦታ ይተርፍ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጉንጯ ሞላ ብሎ ታየን፤ እናቴም «አየህ?» ብላ ወደ መንደሯ ተመለሰች። ለሥራነሽ «በልታለች» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

እናቴን አልወቅስም። በእሷም አፍ ላይ ያ መዳፍ አርፏል፤ በእናቷም አፍ ላይ። እኔ ግን በዘጠኙ ቀን ውስጥ የልጄን ዓይን አይቻለሁ። አፍንጫዋን የያዘችውን አያቷን አልነበረም የምታየው። እጇን የያዝኩትን እኔን ነበር።

ሙሉብርሃን እውነቱን ሳታውቅ የምትችለውን መከረችኝ። «ሲበሉ አብራዎት ትቀመጥ» አለች። «አይለምኗት። አያሞግሷት። አይዩአት። ሳህኑን አስቀምጠው ይተዉት። መቅመስ ስትፈልግ በራሷ እጅ ትቅመስ፤ የማንም እጅ ወደ አፏ እንዳይሄድ።»

«ጉርሻስ?»

«ጉርሻም ቢሆን።» ፈገግ አለች። «ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። እኔም የአክስቶቼን ጉርሻ እየሸሸሁ ነው ያደግሁት።»

የምግብ ጠረጴዛችን ሰባት ስንዝር ነው። በአንድ ትንሽ ሳህን ሽሮ ጨልፌ ከእሷ ራቅ ባለው ጫፍ አስቀመጥኩ። በየሳምንቱ እሑድ አንድ ስንዝር አስጠጋዋለሁ። ለቀያሽ ይህ የሚገባ ሥራ ነው። ሦስት ስንዝር ሲቀረው እጆቿ ወደ ብብቷ ገቡ፤ ምንም ሳልናገር አንድ ስንዝር መልሼ አራቅሁት። ለሁለት ሳምንት እዚያው ቆየ። እሷ ስትበላ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ መስኮቱ ዞሬ ለነገ የሚሆነውን ድንች እልጣለሁ። አለማየት ከባድ ሥራ ነው፤ እጄ ሥራ ካልያዘ አንገቴ ይዞራል። ስለዚህ ድንች እልጣለሁ።

በጀርባዬ መስማት ተማርኩ። ቆሎ ስትቆረጥም፣ ወተት ስትጎነጭ፣ ከወንበሯ ወርዳ ስትወጣ ለየሁት። በኅዳር መጨረሻ ሽሮው ሳህኗ አጠገብ ደረሰ። በታኅሣሥ ጣቷን ነከረችበት፣ አሸተተችው፣ ታጠበች። ሌላ ቀን በጠረጴዛው ላይ በሽሮ መስመር አሰመረች፤ «አባዬ፣ ቀየስኩ» አለችኝ። ልብሷ ሲበላሽ ዝም አልኩ።

ከዚያ ድርቆሽ መጣ። እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ሲሰበር የሚያወጣውን ድምፅ ወደደችው። ቋ አድርጋ ትሰብራለች፤ አትበላውም፣ ትሰብረዋለች ብቻ። ጥር ላይ አንድ ቀን፣ እኔ ድንቼን ስልጥ፣ ከኋላዬ ቋ አለ። ዝም አለ። ከዚያ ሌላ ዓይነት ቋ ሰማሁ፤ ጥርስ ውስጥ የገባ፣ ዳር ዳሩ የለዘበ። ቢላዬ ቆመ። አልዞርኩም።

«ሳያለቅስ በላሁት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

የድርቆሹን ጫፍ ሽሮው ውስጥ ነክራ፣ ሳይርስ ቶሎ አውጥታ ትጎርሰዋለች። ከእንጀራው ጋር የምትሽቀዳደም ይመስል ነበር። አንዳንዴ ትሸነፋለች፤ የራሰውን ሳህኑ ዳር ላይ በአክብሮት ታስቀምጠዋለች። በመጋቢት የራሰውንም መቅመስ ጀመረች። ሚያዝያ ላይ ለስላሳ እንጀራ እየቆረሰች ሽሮ ታስነካ ነበር።

«ምን በላች?» አለችኝ ሥራነሽ በስልክ።

«ሽሮ።»

«አትቀልድ።»

«በእንጀራ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

ግንቦት አሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ሥራነሽ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ መጣች። እናቴም አንድ ኬሻ ድንች አስጭና ከመንደር ገባች። ቀሳውስቱ ባርከው ከሄዱ በኋላ ማኅበርተኞቹ ለምሳ ተቀመጡ። ከመካከላቸው አቶ አምደሚካኤል አሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው። የሥራ ባልደረባዬ እንዳላማውም አለ፤ ጠላ ሳይጠጣም የጠጣ ያህል የሚያወራ ሰው ነው።

«ጸጋው» አለ እንዳላማው፣ «ይች ልጅህ እንደ ባሕታዊ ጥሬ ነው አሉ የምትበላ። ቆብ ይሰፋላት እንጂ!»

«አንተ ሆድህን ለሁለት ብታካፍል እሷም በጠገበች» አለችው እናቴ። ሳቁ።

የብርጓል በሰዎቹ መካከል መጥታ በጉልበቶቼ መሃል ቆመች። ትሪው ሙሉ ነው፤ ዶሮ ወጥ፣ አይብ፣ በስተዳር ለእሷ ያደረግሁት ሽሮ። ማንም አልጠራትም። ከእኔ ፊት እንጀራ ቆረሰች። ጫፉን ሽሮ አስነካች። ለራሷ መሰለኝ። እጇን ወደ ላይ አነሣችና ወደ አፌ አመጣችው።

ከፈትኩ። ትንንሽ ጣቶቿ ከንፈሬን ነኩ። ቤቱ እልልታ ሆነ። ሥራነሽ ከጓዳ በር ላይ ድስት ይዛ ቆማ ነበር፤ ድስቱን መሬት ላይ አስቀምጣ አጨበጨበች።

«መልስላት እንጂ!» አለች እናቴ። «አንድ ጉርሻ እኮ ያጣላል!»

«መልስ፣ መልስ» አሉ አቶ አምደሚካኤል። «በአባትና በልጅ መካከል ጠብ ልታስገባ ነው?»

«ስስታም! ተቀብሎ ዝም!» አለ እንዳላማው።

የመምህርቷን ቃል ረስቼው ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። ቃል በቃል ትዝ ብሎኛል። ነገር ግን የአሥራ ሁለት ሰው ዓይን እኔ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ በሰው ፊት «አይሆንም» ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ደግሞም፣ ይህን መደበቅ አይገባኝም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስምንት ወር ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ፊቴን ብመልስ ምን አለበት ብዬ አሰብኩ።

ትንሽ ቆረስኩ፤ ከአውራ ጣቴ ጫፍ የማይበልጥ። ሽሮ ብቻ፣ ቅባት የሌለበት። መጠኑን አሰብኩ። ያሰብኩት መጠኑን ብቻ ነው።

ፊቷን ወደ ቀኝ አዞረች። ያፈረች መሰለኝ። እናቴ ከኋላዋ ሆና ሁለት እጆቿን በፍቅር ያዘቻት፤ «አይዞሽ የኔ ዓለም፣ አባትሽ እኮ ነው።» የኔ ግራ እጅ ማጅራቷን ደገፈ። ማንም ጉርሻ ሲሰጥ እንደሚያደርገው ነው፤ ማንም ያየ ሰው ክፉ አይለውም። ልጄ ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን አያያት አውቀዋለሁ። አፏን ከፈተች። አስገባሁት።

«ጎረሰች! ጎረሰች!» እልልታው ቀለጠ። አላለቀሰችም። አፏን ገጥማ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሄደች። «አፈረች» አሉ። እንዳላማው «ጸጋው ዛሬ ወለደ» አለ፤ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

እንግዶቹ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሡ። ቤቱን ስናነሣሣ ድንች የምልጥበት ጣውላ ላይ ቀይዋን ኩባያ አገኘኋት። ግማሽ ወተት አለባት። ወተቱ ውስጥ ጉርሻው ተቀምጧል። አልታኘከም። ጣቶቼ የጨበጡት ቅርጽ እንዳለ ነው።

ማንም ሳያይ ደፋሁት። ኩባያዋን ሦስት ጊዜ አጠብኳት። በማግስቱ ወተት ቀድቼ ባቀርብላት የብርጓል ኩባያዋን አየች፤ እኔን አየች፤ እጆቿን ከተተች።

ከዚያ በኋላ ወተት ቀረ። እንጀራ ደረቁም ቀረ። ዳቦው ከቅርፊቱ የሚላቀቀው በእኔ እጅ ነበርና እሱም ቀረ። ሰኔ ሲገባ ቆሎና ድንች ብቻ ቀሩ፤ ድንቹንም የላጥኩላትን ትታ ከነልጣጩ ከድስቱ ትወስድና በትንንሽ ጥፍሮቿ ለረጅም ጊዜ ትልጠዋለች። ስትጨርስ ከድንቹ እኩሌታው ከልጣጩ ጋር ይሄዳል። እጄ የነካው ነገር እንዳይነካት መሆኑን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ጤና ጣቢያ መዘኗት፤ ቀንሳለች።

የትምህርት ቤት መዝጊያ ቀን ሙሉብርሃን ዘንድ ሄድኩ። ወላጆች እስኪበተኑ ጠበቅሁ። ስለ ጉርሻው ነገርኳት። ከዚያ ስለ ዘጠኙ ቀን ነገርኳት።

የያዘችውን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መስከረም ላይ ጠይቄዎት ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ከሽሮው አልጀምርም ነበር።» ቁጣ አልነበረባትም። «ከእጅዎ ነበር የምጀምር። መጀመሪያ እጅዎን እንድትለምድ ነበር የማደርግ። እሷ እኮ ሽሮ አልነበረም የምትፈራው።»

ስምንት ወር ሙሉ ስንዝር እየለካሁ ሳህን አስጠጋሁ። መለካት የነበረበት የእኔ እጅ ርቀት ነበር።

ለሥራነሽ በዚያው ቅዳሜ ነገርኳት። ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። የልጅቷን ሹራብ ገመዱ ላይ እንደያዘች ሰማችኝ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ጡት ስላስጣልኳት ነው እያልኩ ራሴን ስበላ፣ በየማታው በስልክ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«‹ምን ታደርጊ፣ ሥራ ነው› ትለኝ ነበር እኮ።»

ሹራቡን ሁለት ጊዜ ጨመቀችው፤ ቀድሞ የተጨመቀ ነበር። ሐምሌ መግቢያ ላይ ልጃችንን ይዛ ወደ ጉንደ ወይን ሄደች። አልተጣላንም። ዝውውሯ እስኪመጣ ነው ተባባልን። ሚኒባሱ ሲነሣ የብርጓል በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። ያ እጅ ከብብቷ ውጭ ነበር።

አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ የምሄደው እኔ ነኝ። ትበላለች። እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር፣ ባለፈው ፋሲካ ዶሮ ቀመሰች አሉኝ። ከእናቷ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላሉ። እኔ ስገባ ግን መብላቷን ታቆምና ትጠብቃለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ታሪክ ትነግረኛለች፣ ጉልበቴ ላይ ትተኛለች፣ ጫማዬን ትደብቅብኛለች። ምግብ ሲቀርብ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ድንችህን ላጥ» ትለኛለች።

ሥራነሽ ቅዳሜ ጠዋት ድንች ገዝታ ትጠብቀኛለች፤ ቢያስፈልግም ባያስፈልግም። ወደ መስኮቱ ዞሬ እልጣለሁ። ከኋላዬ ስትቆርስ፣ ስታኝክ፣ ስትውጥ፣ ከእናቷ ጋር ስትሳሳቅ እሰማለሁ። ልጄ ጥሩ እንደምትበላ የማውቀው በጆሮዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከኋላዬ ቋ ሲል ሰማሁ። ድርቆሽ ከያዘች ሁለት ዓመት አልፏታል። እርምጃዋ ቀረበ። ጣውላዬ ዳር ላይ፣ ከልጣጩ ራቅ አድርጋ፣ ጫፉ ሽሮ የነካ አንድ ቁራሽ ድርቆሽ አስቀመጠች። ወደ አፌ አላመጣችውም። አስቀመጠችው።

«ቶሎ ብላው» አለች። «ሳያለቅስ።»

እጄ በድንች ርሶ ነበር። ማድረቂያ ጨርቅ ፈለግሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠረግሁ። ከዚያም ቁራሹን አየሁት፤ ማንሣት ሲገባኝ ቆሜ አየሁት። ሽሮው ወደ መሃሉ ገባ፣ ጠርዙ ለዘበ፣ ጎበጥ ያለው ተኛ።

«አየህ፣ አለቀሰ» አለች።

«እንዲህም ይበላል» አልኩና በራሴ እጅ አንሥቼ ጎረስኩት።

አኝኬ እስክውጥ ድረስ አየችኝ። ፊቴን፣ መንጋጭላዬን፣ ከዚያ ወደ ጎን የወረዱትን ሁለት እጆቼን አየች። አንድ ነገር የምትል መስሎኝ ጠበቅሁ።

«በቃ፣ አሁን ዙር» አለችኝ።

ዞርኩ። ድንቹ አልቆ ነበር። የተላጠውን አንሥቼ እንደገና መላጥ ጀመርኩ።